ሐኪሟ ያላየችው ጀርባ

ባሌ እንድሪስ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ እንደ ሙሽራ ይዘጋጃል። እያጋነንኩ አይደለም። ቀጠሮው ሳምንት ሲቀረው ጀምሮ ሽር ጉድ ይላል፤ ጥፍሩን ይቆርጣል፣ ጺሙን ያስተካክላል፣ አዲስ ካናቴራ ከነፕላስቲኩ ወንበር ላይ ያስቀምጣል። "ሰውዬ፣ ሐኪም ጋ የሚኬደው ታሞ ነው ወይስ ተሽሎ?" ብዬ ስቀልድበት፣ "ሰው ፊት ተዝረክርኬ ልቅረብ?" ይለኛል። ቤተሰቡም እንዲሁ ናቸው። ወሎ ውስጥ አባቱ በጠና ታመው ሳለ ጠያቂ ሲመጣ ከአልጋቸው ተነስተው፣ ጥምጣማቸውን አስተካክለው፣ "ደኅና ነኝ" ብለው ይቀመጡ እንደነበር በኩራት ነው የሚያወራው።

እኔ ዘሃራ እባላለሁ። የምንኖረው ባሕር ማዶ፣ ስኮትዴል በምትባል ከተማ ነው። አቮንዴል እስቴትስ ባለ አንድ ላውንድሪ ውስጥ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። እንድሪስ ደግሞ ኢስት ፖይንት ካለ የመኪና ማቆሚያ ወደ ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሚኒባስ ይነዳል። ልጆቻችን አድገው በየፊናቸው ወጥተዋል። እኔን የሚያውቅ ሁሉ ምላሴ እንደማያርፍ ያውቃል። ያም ሆኖ ለማንም ትንፍሽ ያላልኩት አንድ ነገር ነበረኝ፣ እሱም የባሌ ቆዳ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከወገቡ በታች በወጣች፣ ከቀረው ቆዳው ፈካ ባለች ነጠብጣብ ነው። "ጭርት ናት፣ ትጠፋለች" አለ። አልጠፋችም። ወደ ጭኑ ወረደች፣ ወደ ጀርባው ወጣች፣ እህቶች አበጀች። ከዚያ ማሳከክ መጣ። እንድሪስ መሪ ይዞ ቀይ መብራት ላይ ሲቆም ትከሻውን ከወንበሩ ጋር ያፋትጋል። ያከከው ቦታ ይቆስልና ውሃ ያዣል፤ ማታ ካናቴራውን ሲያወልቅ ከቆዳው ጋር ተጣብቆ ነው የሚነሳው።

መድኃኒቱን ያመጣልን ያው የአገራችን ሰው ሻንጣ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሁሉ ከሽሮውና ከበርበሬው መሐል የአንቲባዮቲክ ካፕሱል ይዞልን ይመጣ ነበር። እንድሪስ ያንን ሲውጥ እውነትም ይሻለዋል። ቁስሉ ይደርቃል፣ ማሳከኩ ይቀንሳል፣ ነጠብጣቦቹ ራሳቸው ደብዘዝ ይላሉ። ሲያቆም ደግሞ ጥቂት ቆይቶ ሁሉም ይመለሳል። ስለዚህ ፍርዱን ሰጠ። "ባክቴሪያ ነው። ባይሆን ኖሮ በባክቴሪያ መድኃኒት ይሻለኝ ነበር?" አለ።

እንግዲህ የዝግጅቱ ዋና ነገር ይህ ካፕሱል ነበር። ሐኪም ጋ ቀጠሮ ሲኖር ካፕሱሉን በየቀኑ ይውጣል፣ ቁስሉ ይደርቃል፣ ዋዜማው ላይ እኔ ጀርባውን ቫዝሊን እቀባዋለሁ፣ በነጋታው ጥርት ብሎ ይቀርባል። ሐኪሞቹም ደረቅ ቆዳ አይተው "ኤክዚማ ነው" ይሉና ቅባት ያዛሉ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳይዘጋጅ በድንገት ክሊኒክ የሄደበት ቀን፣ ቁስሉን አይተው ደንግጠው ፎቶ አነሱት። በኋላ ከጭኑ ትንሽ ሥጋ ቆርጠው ሲመረምሩ ግን፣ ያኔ ተዘጋጅቶ ስለነበር፣ ውጤቱ ቁርጥ ያለ ነገር አልነገራቸውም። ሐኪሙ ወደ ቆዳ ስፔሻሊስት ሲልከን፣ "ኤክዚማ መስሎ የሚመጣ ሌላ ክፉ ነገር አለ፤ እሱ አለመሆኑን ማወቅ አለብን" ብሎ ነበር። ይህ "ሌላ ክፉ ነገር" የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረ።

የስፔሻሊስቷ ቀጠሮ ከብዙ ጥበቃ በኋላ ደረሰ። ዋዜማው ላይ እንደ ልማዳችን ቫዝሊኑን ይዤ ከኋላው ተቀመጥኩ። በሁለቱ ትከሻዎቹ መሐል እጄ አንድ ነገር ላይ ቆመ። ነጠብጣብ አልነበረም። የባቄላ ፍሬ የሚያህል፣ ጠንከር ያለ፣ ከቆዳው ከፍ ብሎ የወጣ እብጠት ነው። "ይኼ ምንድን ነው?" አልኩት። "አክኬው ነው" አለ። "ነገ አሳያት" አልኩት። ካናቴራውን ስቦ ለበሰ። አለባበሱ እንደማያሳያት ነገረኝ።

ለምን አትናገሪም ትሉኝ ይሆናል። የባልና የሚስት ገላ አማና ነው፤ እርስ በርስ የተሰጠ አደራ ነው። የእናቴ እህት ባሏ ምን ይዞት እንደሞተ እስክትሞት አልተናገረችም፣ እኛም ሚስት ማለት እንዲህ ናት ተብለን ነው ያደግነው። በዚህ ላይ እንድሪስ ለገመናው ሟች ነው።

በነጋታው ረፋድ ላይ ሆስፒታሉ ፓርኪንግ ዴክ ውስጥ መኪናውን አቆመና ወጣን። ክፍሉ ጠባብና ቀዝቃዛ ነበር። ዶክተሯ ጸጉሯ የሸበተ፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት፤ ገብታ ጨበጠችን። እንድሪስ የመንገድና የኤርፖርት እንግሊዝኛ ይበቃዋል እንጂ የሐኪም እንግሊዝኛ አይችልም፣ እኔም የዚፕና የወገብ ልክ እንጂ ሌላ አላውቅም። ስለዚህ ነርሷ በእግሩ የሚሽከረከር ብረት ላይ የተሰካ ታብሌት ገፍታ አመጣችልንና አስተርጓሚ ተደወለ። ምስል የለውም፣ ድምፅ ብቻ ነው።

ከዚያ በፊት የሚደርሱን አስተርጓሚዎች ሴቶች ነበሩ፣ በአዲስ አበባ አነጋገር የሚናገሩ። የዚያን ቀን የወንድ ድምፅ ወጣ። ቃላቱን ሳብ አድርጎ ሲያወርድ አነጋገሩ ጥርት ያለ የወሎ ነው። እንድሪስ ቀና አለ።

"የየት አገር ልጅ ነህ?" ሲል ጠየቀው።

ድምፁ በትሕትና፣ ስለ ራሱ መናገር እንደማይፈቀድለት፣ በክፍሉ ውስጥ የሚባለውን ሁሉ ብቻ እንደሚተረጉምና ምስጢር እንደሚጠብቅ ነገረው። እንድሪስ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

"ጁምዓ ከኋላዬ የሚሰግደው የጀማል ልጅ ነው" አለ በሹክሹክታ። "ዛሬ የምናገረውን ክላርክስተን ያለ ያገር ሰው ሁሉ እስከ መግሪብ ሶላት ይሰማዋል።"

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ባሌ ተዘጋ። ጋውን ልበስ ሲባል ለበሰ፣ ካናቴራውን ግን ከሥር አላወለቀም። ዶክተሯ ልታስወልቀው ስትል "ብርድ ነው" አለ። እሷም ሰው የምታከብር ሆና አልገፋችም። ክንዱን አየች፣ ጭኑን አየች፣ ካናቴራውን ከታች ገለጥ አድርጋ ወገቡን አየች። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ያቺን የድንገቷን ቀን ፎቶ ከፈተች። ቁስል፣ ቅላት፣ የሚያዥ ውሃ። ፎቶውን አየች፣ እንድሪስን አየች፣ ደግማ ፎቶውን አየች።

በአስተርጓሚው በኩል፣ በቅርብ ጊዜ የወሰደው መድኃኒት እንዳለ ጠየቀችው። ምንም፣ አለ። የሚዋጥ? ምንም። አንቲባዮቲክ? በፍጹም። ፊቱ ላይ አንዲት ጅማት አልተንቀሳቀሰችም።

ዶክተሯ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳብ አደረገች። ይህ ቆዳ ያለ ምንም መድኃኒት በራሱ እንዲህ ከተረጋጋ ጥሩ ምልክት ነው አለች። የፈራችው ነገር በራሱ እንዲህ የመብረድ ልማድ የለውም። ስለዚህ ዛሬ ደግማ መቁረጥ አያስፈልጋትም፤ ቅባቱን ይቀጥል፣ ከስድስት ወር በኋላ እንገናኝ አለች። እንድሪስ "አልሐምዱሊላህ" አለ። እሷም ለመነሳት እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

ያቺን አፍታ እስከ ዛሬ አልረሳትም። ስድስት ወር። የባቄላዋ ፍሬ በስድስት ወር ምን ታህላለች? ዶክተሯ በሩን ከፍታ ከወጣች ልጠራት አልችልም። እንድሪስ ደግሞ ጋውኑን አውልቆ ጫማውን ለማጥለቅ ጎንበስ ብሏል፤ ጎንበስ ሲል ካናቴራው ጀርባው ላይ ተወጠረና እብጠቷ ከጨርቁ ሥር ታየችኝ። በአማርኛ ብናገር የጀማል ልጅ ይሰማል። ታዲያ አንድ ነገር ታየኝ፣ በእንግሊዝኛ ብናገርስ? ለእሷ ብቻ እነግራታለሁ፣ ድምፁ ሳይተረጉመው ያልፋል ብዬ አሰብኩ። ሞኝነቴን ተመልከቱልኝ።

"ዶክተር" አልኩ። "ሂ ቴክ ሜዲሲን። ፍሮም ኢትዮጵያ። ኤቭሪ ታይም፣ ቢፎር ዩ።"

ዶክተሯ ተመልሳ ቁጭ አለች። ከዚያ ወደ ታብሌቱ ዞራ፣ ባለቤታቸው ያሉትን እባክህ ለእሳቸው ተርጉምላቸው አለችው። ለካ ደንቡ እንዲህ ነው፣ በክፍሉ ውስጥ የተባለ ነገር ሁሉ ለታማሚው በቋንቋው ሊነገረው ይገባል። ያ የወሎ ድምፅ ጥርት አድርጎ፣ አንድም ቃል ሳያስቀር አቀረበው።

"ባለቤትዎ የሚሉት፣ ከኢትዮጵያ የመጣ መድኃኒት ይወስዳሉ። ሁልጊዜ፣ ወደ ሐኪም ከመምጣትዎ በፊት።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እንድሪስ አንደኛውን ጫማ እንደያዘ ቀረ። እኔን አላየኝም። ወለሉን ነው የሚያየው። ፈራሁ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ በትዳሬ ዘመን እንደዚያ ቀን ባሌን የፈራሁበት ቀን የለም። ግን አንዴ ከወጣ ወጥቷል። ወደ ታብሌቱ ዞሬ በአማርኛ፣ "እንግዲህ ከሰማኸው ሁሉንም ስማው" አልኩና ዓይኔን በጨው አጥቤ ዘረገፍኩት። ስለ ካፕሱሉ፣ ስለ ቫዝሊኑ፣ ሲውጠው እንደሚሻለው፣ ሲያቆም እንደሚመለስበት። በመጨረሻም ስለ ጀርባው ተናገርኩ።

እንድሪስ ጫማውን መሬት ላይ አስቀመጠ፣ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፣ ካናቴራውን በራሱ ላይ አውልቆ ጀርባውን ለዶክተሯ ሰጣት።

ዶክተሯ ጓንት አጠለቀችና እብጠቷን በጣቷ ዙሪያዋን ዳሰሰች። አልተቆጣችም። መልሳ መላልሳ የጠየቀችኝ ስለ ካፕሱሉ ነበር፤ ሲውጠው የሚደርቀው ቁስሉ ብቻ ነው ወይስ ነጠብጣቦቹም ይቀንሳሉ? ነጠብጣቦቹም፣ አልኳት። ይኼኔ እንድሪስ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ።

"ታዲያ በአንቲባዮቲክ ከተሻለኝ ባክቴሪያ ነው ማለት አይደለም?"

ዶክተሯ ይህን ጥያቄ እንደወደደችው ከፊቷ ያስታውቃል። ቀስ ብላ፣ አስተርጓሚው እንዲከተላት እያረፈች አስረዳችን። ነጭ የደም ሕዋሶች አሉ፣ ሰውነትን የሚጠብቁ። አንዳንዴ ከእነሱ መሐል የተበላሹ ይነሱና ቆዳ ውስጥ ይሰፍራሉ፤ ይህ የቆዳ ሊምፎማ ይባላል፣ የካንሰር ዓይነት ነው፣ ለዓመታት ኤክዚማ መስሎ ይቆያል። እንዲህ ያለ ቆዳ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ደግሞ ባክቴሪያ በቀላሉ ይረባል። ብዙ ተመራማሪዎች የሚጠረጥሩት ባክቴሪያው የሚረጨው መርዝ የተበላሹትን ሕዋሶች ይቀሰቅሳቸዋል ብለው ነው። ስለዚህ ባክቴሪያው በአንቲባዮቲክ ሲቀንስ በሽታውም ረገብ ሊል ይችላል። "ባክቴሪያው በሽታውን ይጀምረዋል ወይስ የነበረውን ያባብሰዋል የሚለውን ገና በእርግጠኝነት አናውቅም" አለች። "መሻልዎ እውነት ነው። ግን መሻልዎ ብቻ በሽታው ምን እንደሆነ አይነግረንም።"

እኔ በኋላ ለጓደኞቼ ሳስረዳ እንዲህ ነው ያልኳቸው፤ ቤት ውስጥ ባልና ሚስት ተጣልተዋል፣ ጎረቤት እየገባ ነገር ያጋግላል። ጎረቤቱን ብታስወጡት ጩኸቱ ይቀንሳል፤ ጠቡ ግን እዚያው ቤት ውስጥ ነው።

ዶክተሯ የዚያኑ ቀን ጀርባውን አደንዝዛ ከእብጠቷና ካጠገቧ ሥጋ ወሰደች፣ ባክቴሪያውን ለማወቅ ደግሞ ቆዳውን በጥጥ ጠረገች። ካፕሱሉን በራሱ እንዳይወስድ፣ ቁስሉ ካገረሸ ወይም ትኩሳት ከያዘው ሳይዘገይ እንዲደውል አጥብቃ ነገረችው። አስተርጓሚው መልካም ቀን ብሎ ዘጋ። የጀማል ልጅ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አናውቅም።

ወደ ቤት ስንመለስ ሁለት ሰማንያ አምስት የሚባለው አውራ ጎዳና በመኪና ተጨናንቆ ነበር። እንድሪስ ሬዲዮ አልከፈተም። መውጫችን ሲቃረብ፣ ከመንገዱ ዓይኑን ሳያነሳ፣ "በእንግሊዝኛ ነው የከዳሽኝ?" አለኝ።

"በአማርኛ ብከዳህ ይሻልህ ነበር?" አልኩት።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር። እኔን አውርዶ ወደ ሥራው ሄደ። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ለእኔ እንደ ቅጣት ነበሩ። ያቀረብኩለትን ይበላል፣ ይሰግዳል፣ ሳሎን ሶፋ ላይ ይተኛል። ጀርባውን እንድቀባው አይጠራኝም። ላውንድሪው ውስጥ የሰው ሱሪ እየተረተርኩ ሁለት ነገር እፈራለሁ፤ ውጤቱ ክፉ ሆኖ ባሌን እንዳላጣው፣ ውጤቱ ደኅና ሆኖ ደግሞ እንዲያው በከንቱ ገመናውን ያወጣሁ ሆኜ እንዳልቀር። ይህችኛዋን ሐሳብ ለራሴ እንኳን ለመንገር አፍር ነበር። ግን አስቤያታለሁ።

ስልኩ የተደወለው ሁለታችንም ቤት ሳለን ነው። ዶክተሯ ናት፣ በዚህኛው ቀን አስተርጓሚዋ ሴት ነበረች። እንድሪስ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ መሐላችን አስቀመጠው። ሊምፎማ ነው አለች። ቀስ ብሎ የሚሄደው ዓይነት ይመስላል፣ ከቆዳው ያለፈ መሆኑን በደምና በሌላ ምርመራ እናረጋግጣለን፣ ሕክምና አለው። እንድሪስ፣ "ካንሰር ማለት ነው?" ብሎ ጠየቀ፤ አዎን፣ አለች። አመሰገናትና ስልኩን ዘጋ።

እኔ ወንበሩ ላይ ተሰብስቤ አለቀስኩ። እሱ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ።

"ስድስት ወር ብላ ነበር" አለ። "ጫማዬን እያጠለቅኩ ነበር እኮ፣ ዘሃራ።"

የዚያን ዕለት ሶፋው ላይ አልተኛም።

ምርመራው ከቆዳው እንዳላለፈ አሳየ፣ አልሐምዱሊላህ። አሁን በየሳምንቱ እየሄደ ቆዳን በሚያክም የብርሃን ሳጥን ውስጥ ይቆማል፣ በሐኪም የታዘዘ ቅባት አለው። ባክቴሪያው እንዳይረባ ደግሞ ዶክተሯ ራሷ ለክታ ባዘዘችው መጠን ጥቂት በረኪና ገንዳ ውሃ ውስጥ ጠብ ይደረግና ይነከርበታል። የሰው ልብስ ስሠራ ውዬ ቤት ገብቼ ባሌን በበረኪና እዘፈዝፋለሁ ብዬ እቀልድበታለሁ። እባካችሁ ከእኔ ሰምታችሁ በራሳችሁ እንዳትሞክሩት። አንዳንድ ሳምንት ቆዳው ሰላም ነው፣ አንዳንድ ሳምንት ይነሳበታል። ይህ በሽታ አብረነው የምንኖረው እንጂ ሸኝተነው የምንተኛው አይደለም፤ ተስማምተንበታል።

አንባቢዎቼ፣ ይህን የጻፍኩት እኛን የመሰላችሁ ብዙ መሆናችሁን ስለማውቅ ነው። የሻንጣ ካፕሱል የሌለበት ቤት አላየሁም። በመድኃኒቱ ሲሻለን ነገሩን ያወቅነው ይመስለናል፣ ጥያቄውን እንዘጋዋለን። ሐኪምን ደግሞ እንደ እንግዳ እናያታለን፤ ያማረውን እናቀርብላታለን፣ የተበላሸውን እንደብቃለን፣ ከዚያ በሽታዬን አላወቀችልኝም ብለን እናማታለን። ስለ አማናም ብዙ አስቤያለሁ። አክስቴ ባሏን በዝምታዋ እንዳከበረችው አውቃለሁ፣ አልፈርድባትም። እኔ ግን ባሌ የሰጠኝ አደራ ምስጢሩ ብቻ አለመሆኑ፣ ሰውየው ራሱ መሆኑ የገባኝ ያቺ ዶክተር እጇን ጉልበቷ ላይ ስታደርግ ነው። ወሬው ቢወጣስ? ሰው ሁለት ጁምዓ ያወራና ይሰለቸዋል።

ባለፈው ወር ቀጠሮ ነበረን። ዶክተሯ እንደ ሁልጊዜው በአስተርጓሚው በኩል ጠየቀችው። ቆዳህ እንዴት ሰነበተ፣ አዲስ የወጣ ነገር አለ፣ ያለ እኔ ትእዛዝ የወሰድከው አለ? እንድሪስ ካናቴራውን አውልቆ ጀርባውን አዞረላት።

"እሷን ጠይቂያት" አለ፣ በእጁ ወደ እኔ እያመለከተ። "እኔ ደኅና ነኝ እልሻለሁ።"